ቲቢ፣ የሳንባ ማክሮፌጅ እና ሳይቶካይን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቲቢ ባክቴሪያ ከታማሚ ሳል ወጥቶ፣ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን በምትሆን ጠብታ ተጭኖ፣ ሳንባ ጥግ ካለው የአየር ከረጢት ሲደርስ መጀመሪያ የሚውጠው እዚያው ነዋሪ የሆነው ማክሮፌጅ፣ ማለትም ባዕድ ነገርን የሚውጥ የመከላከያ ህዋስ ነው። ማክሮፌጁ ባክቴሪያውን ይግደለው ወይስ መራቢያ ይሁነው የሚለውን በአብዛኛው የሚወስኑት በዙሪያው ያሉት መልእክት አድራሽ ፕሮቲኖች፣ ማለትም ሳይቶካይኖች ናቸው። ኢንተርፌሮን ጋማ፣ ቲኤንኤፍ፣ ዓይነት አንድ ኢንተርፌሮኖች፣ ኢንተርሊዩኪን-1፣ ኢንተርሊዩኪን-10፣ ጂኤም-ሲኤስኤፍ እና ቲጂኤፍ-ቤታ ዋነኞቹ ናቸው።

በዚህ መስክ ሙከራ የሚነድፉ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች፣ እንዲሁም ውጤቱን አንብበው ወደ ሕክምና ማምጣት የሚሹ ሐኪሞች ደጋግመው የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች አሉ። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚቀዱት «ይህ ሳይቶካይን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። በየትኛው ማክሮፌጅ ላይ፣ በስንተኛው ቀን፣ በምን ያህል መጠን ብሎ ያልጠየቀ ሰው ሁለቱንም መልስ ያገኛል፤ ሁለቱንም የሚደግፍ ጽሑፍም አያጣም።

የሳንባ ማክሮፌጆችን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹን ስለሚወልድ ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

በሳንባ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ማክሮፌጆች አሉ። በአይጥ ላይ በደንብ እንደተጠናው፣ የአየር ከረጢት ማክሮፌጆች የሚመነጩት በፅንሱ ጉበት ውስጥ ከተፈጠሩ ሞኖሳይቶች (ወደ ማክሮፌጅ ከሚለወጡ ነጭ የደም ህዋሳት) ነው። ከልደት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት ጂኤም-ሲኤስኤፍ እና ቲጂኤፍ-ቤታ ፒፓር-ጋማ የተባለውን የዘረመል ተቆጣጣሪ አነሳስተው መልካቸውን ያስይዟቸዋል። ከዚያ ወዲያ እዚያው እየተከፋፈሉ ራሳቸውን ይተካሉ። የዘወትር ሥራቸው ሰርፋክታንት የተባለውን የሳንባ ቅባት ማጽዳት በመሆኑ ኃይል የሚያገኙት በአመዛኙ ስብ በማቃጠል ነው። ሌሎቹ በከረጢቶቹ መካከል ባለው ሥጋ የሚኖሩት ኢንተርስቲሻል ማክሮፌጆች ናቸው። ኢንፌክሽን ሲነሳ ከደም በሚገቡ ሞኖሳይቶች ቁጥራቸው ይበዛል፤ ኃይል ለማግኘትም ወደ ግሉኮስ ያጋድላሉ።

ልዩነቱ ለባክቴሪያው ዕጣ ወሳኝ ነው። በ2018 የታተመ የአይጥ ጥናት የአየር ከረጢት ማክሮፌጆች ሲመናመኑ የባክቴሪያው ቁጥር እንደሚቀንስ፣ ኢንተርስቲሻሎቹ ሲመናመኑ ግን እንደሚጨምር አሳይቷል። የዘር ሐረጋቸው የተለያየ ሁለት ህዋሳት ለአንድ ባክቴሪያ ተቃራኒ መኖሪያ ሆነዋል ማለት ነው። በ2019 የወጣ ሌላ ሥራ ደግሞ የአየር ከረጢት ማክሮፌጅ ቲቢን ከዋጠ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያሰማው የማስጠንቀቂያ ጩኸት እምብዛም እንደሆነ አመለከተ። የሚያነሳው ኤንአርኤፍ2 የተባለው ፕሮቲን የሚመራውን ፀረ-ኦክሲዳንት መርሐ ግብር ነው። ያንኑ ባክቴሪያ ከአይጥ መቅኔ ላሳደጉት ማክሮፌጅ ቢሰጡት ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሊዩኪን-6 እና ሌሎችንም በብዛት ያፈሳል። ስለዚህ በመቅኔ ማክሮፌጅ ተሠርቶ «የሳንባ ማክሮፌጅ» ተብሎ የተጻፈ ርዕስ ከወዲሁ ጥያቄ ያስነሳል።

ከእውነተኛው ህዋስ መሥራት ይቻላል። በሞተው አይጥ የመተንፈሻ ቧንቧ ካቴተር አስገብተው፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሞላር ኢዲቲኤ ያለበትን፣ 37 ዲግሪ የሞቀ ፒቢኤስ (የጨው ፈሳሽ) 1 ሚሊ ሊትር እያስገቡና እየመጠጡ እስከ 10 ጊዜ ይጠቡ። ኢዲቲኤ የሌለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ህዋሳቱን ከግድግዳቸው በቀላሉ አያላቅቅም፤ ምርቱ የሚያንሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ከአንድ ጤነኛ አይጥ በተለምዶ ከ100 ሺህ እስከ 500 ሺህ ህዋስ ይገኛል። ብዙም አይደለምና የሙከራውን ስፋት ከዚሁ ቁጥር ተነስተው ይንደፉ።

ሁለተኛው ወጥመድ የሚመጣው ህዋሳቱ በላቦራቶሪ ማሳደጊያ ሳህን ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው። ጂኤም-ሲኤስኤፍ እና ቲጂኤፍ-ቤታ ከሌሉበት በቀናት ውስጥ መለያቸውን ይጥላሉ፤ ሲግሌክ-ኤፍ የተባለው የገጽ ፕሮቲን ይደበዝዛል፣ ፒፓር-ጋማ ይወርዳል። ሙከራው ከአንድ ቀን በላይ የሚሄድ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ጂኤም-ሲኤስኤፍ እና ከ10 እስከ 20 ናኖግራም ቲጂኤፍ-ቤታ ይጨምሩ። ከፅንስ ጉበት ህዋሳት በእነዚሁ ሁለት ሳይቶካይኖች የአየር ከረጢት ማክሮፌጅ መሰል ህዋስ በብዛት ማሳደግም ዛሬ የተለመደ ነው። ቁጥር ለሚጠይቅ ሥራ፣ ለምሳሌ ዘረመሎችን አንድ በአንድ እያጠፉ ለሚደረግ ፍተሻ፣ ይህ መንገድ ይመረጣል።

በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ህዋሳትን በገጻቸው ፕሮቲን እየለየ በሚቆጥር መሣሪያ) ሲለዩም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጤነኛ አይጥ የአየር ከረጢት ማክሮፌጅ ሲግሌክ-ኤፍ እና ሲዲ11ሲ በብዛት፣ ሲዲ11ቢ በጥቂቱ ይይዛል። ሲግሌክ-ኤፍን ብቻ ያየ ሰው ኢኦሲኖፊል የተባለውን ሌላ ነጭ የደም ህዋስም አብሮ ይቆጥራል፤ ኢኦሲኖፊል ግን ሲዲ11ሲ የለውም። ኢንፌክሽኑ ሳምንታት ሲያስቆጥር ደግሞ የእነዚሁ ማክሮፌጆች ሲግሌክ-ኤፍ ሊቀንስ፣ ሲዲ11ቢያቸው ሊጨምር ስለሚችል በጤነኛ አይጥ ላይ የተሰመረውን የመለያ መስመር እንዳለ መገልበጥ ያሳስታል። እነዚህ ህዋሳት ያለ ምንም ቀለም በራሳቸው ያበራሉና ደካማ ምልክት የሚሰጥ ፀረ-አካልን በአረንጓዴው መስመር አያኑሩ፤ አንድ ቀለም ብቻ የጎደለበትን ኮንትሮልም አይርሱ። በደም ሥር ውስጥ የቀሩትን ህዋሳት ከሥጋው ለመለየት፣ አይጡ ከመሞቱ 3 ደቂቃ በፊት ቀለም የተለጠፈበት ፀረ-ሲዲ45 በደም ሥር መስጠት ቀላልና አስተማማኝ ዘዴ ነው።

«ኤም1» እና «ኤም2» ብሎ መገላገል

ማክሮፌጅ ኢንተርፌሮን ጋማ ሲሰጠው ኤም1 (ተዋጊ)፣ ኢንተርሊዩኪን-4 ሲሰጠው ኤም2 (ጠጋኝ) ይሆናል የሚለው ክፍፍል ለመማሪያ ክፍል ያገለግል ይሆናል። በቲቢ ሳንባ ውስጥ ግን አንዱ ማክሮፌጅ በአንድ ጊዜ ኢንተርፌሮን ጋማ፣ ኢንተርሊዩኪን-10፣ ዓይነት አንድ ኢንተርፌሮን እና ቲጂኤፍ-ቤታ ይደርሱታል። አንድ ህዋስ የናይትሪክ ኦክሳይድ ሠሪውን ኢንዛይምም አርጂኔዝንም ይዞ ሊገኝ ይችላል።

በ2014 የመስኩ ተመራማሪዎች በጋራ ያቀረቡት ሐሳብ ማክሮፌጁ በተሰጠው ማነሳሻ ይጠራ የሚል ነው፦ «በኢንተርፌሮን ጋማ የተነሳሳ»፣ «በኢንተርሊዩኪን-4 የተነሳሳ» እያሉ። ይህን ልማድ መከተል ከብዙ ክርክር ያድናል። ሲዲ206 ከተባለው የገጽ ፕሮቲን ብቻ ተነስተው ኤም2 ብለው አይፈርጁ፤ የአየር ከረጢት ማክሮፌጅ ጤነኛ ሆኖ ሳለም ሲዲ206 ይይዛል።

ኢንተርፌሮን ጋማ የሚደርስበትን ጊዜ መርሳት

በ1993 ሁለት ቡድኖች ኢንተርፌሮን ጋማ የሌላቸው አይጦች በቲቢ ፈጥነው እንደሚሞቱ አሳዩ። በ1996 ደግሞ የዚሁ ሳይቶካይን ተቀባይ ዘረመላቸው የተበላሸ ሕፃናት በደካማ ማይኮባክቴሪያዎች፣ በቢሲጂ ክትባትም ጭምር፣ በጽኑ እንደሚታመሙ ተዘገበ። ስለዚህ አስፈላጊነቱ አያከራክርም። ስህተቱ የሚመጣው ይህን በሳህን ላይ ለማሳየት ሲሞከር ነው።

የተለመደው አሠራር ማክሮፌጁን ለ12 ወይም ለ24 ሰዓት በኢንተርፌሮን ጋማ አዘጋጅቶ ከዚያ ባክቴሪያውን መስጠት ነው። ውጤቱ ያምራል፤ የባክቴሪያው ዕድገት ይገታል። በሳንባ ውስጥ ግን ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነው። ባክቴሪያው ቀድሞ ይገባል። በአይጥ ባክቴሪያ የያዙ ህዋሳት ወደ ሊምፍ ዕጢ የሚደርሱት ከሳምንት በኋላ ሲሆን፣ ኢንተርፌሮን ጋማን የሚያመነጩት የሠለጠኑ ቲ ህዋሳት ሳንባ ላይ በብዛት የሚታዩት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሰውም የቲ ህዋስ ምላሽ በምርመራ እስኪታይ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። ኢንተርፌሮን ጋማ የሚያገኘው ማክሮፌጅ እንግዲህ ቀድሞ የተያዘ ነው። የተያዘ ማክሮፌጅ ደግሞ እኩል አይሰማም፦ የባክቴሪያው 19 ኪሎ ዳልተን ሊፖፕሮቲን ቲኤልአር2 የተባለውን ተቀባይ ለረጅም ጊዜ እየቀሰቀሰ፣ ኢንተርፌሮን ጋማ ሊያነሳቸው የሚገቡትን ሲ2ቲኤ የተባለውን ተቆጣጣሪ እና የባክቴሪያ ቁራጭ ለቲ ህዋሳት የሚያሳዩትን የኤምኤችሲ ክፍል ሁለት ሞለኪውሎች ያዳክማል።

ስለዚህ ሙከራውን በሦስት መስመር ይንደፉ፦ ቀድሞ የተሰጠው፣ አብሮ የተሰጠው፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ዘግይቶ የተሰጠው። መልእክቱ መድረሱን ራሱን ማየት ከፈለጉ ፎስፎ-ስታት1ን (የኢንተርፌሮንን መልእክት በህዋሱ ውስጥ የሚያደርሰው ስታት1 ፕሮቲን የነቃ መልክ) ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይለኩ። በ24ኛው ሰዓት ለክቶ «ምልክት የለም» ማለት ምንም አያረጋግጥም፤ ሶክስ1 የተባለው ማፈኛ ያን ጊዜ ምልክቱን አጥፍቶታል።

«ብዙ ኢንተርፌሮን ጋማ ማለት ብዙ መከላከያ ማለት ነው» የሚለው ደግሞ የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። በ2016 የወጣ የአይጥ ጥናት እንዳሰላው ሲዲ4 ቲ ህዋሳት በሳንባ ባክቴሪያውን ከሚቆጣጠሩበት አቅም የኢንተርፌሮን ጋማ ድርሻ 30 በመቶ ገደማ ሲሆን በጣፊያ ግን 80 በመቶ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ቲ ህዋስ የሚያመነጨውን መጠን ማብዛት ሳንባውን ጎድቶ አይጦቹን ገደለ። በክትባት ጥናት ውስጥ የኢንተርፌሮን ጋማን መጠን እንደ ብቸኛ የስኬት መለኪያ መውሰድ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱን የኢንተርፌሮን ዓይነቶች ማደባለቅ

ዓይነት አንድ ኢንተርፌሮኖች፣ ማለትም አልፋና ቤታ፣ በስም የጋማ ዘመዶች ናቸው፤ በቲቢ ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ነው። የጋማ ተቀባይ ጃክ1 እና ጃክ2 የተባሉትን ኢንዛይሞች ቀስቅሶ ሁለት ስታት1 ያጣምራል። የዓይነት አንድ ተቀባይ ግን ጃክ1 እና ቲዋይኬ2ን ይጠቀማል፤ ስታት1፣ ስታት2 እና አይአርኤፍ9ን በአንድ ያስራል። ሁለቱም ስታት1ን ስለሚነኩ ፎስፎ-ስታት1ን ወይም ሲኤክስሲኤል10ን ብቻ የለካ ተመራማሪ የትኛው ኢንተርፌሮን እንደሠራ ማወቅ አይችልም።

ለመለየት ሲ2ቲኤን ለጋማ፣ አይፊት እና አይኤስጂ15 የመሳሰሉትን ዘረመሎች ለዓይነት አንድ ጎን ለጎን ይለኩ። ኤምኤክስ1 ለሰው ህዋስ ጥሩ ነው። አብዛኞቹ የላቦራቶሪ አይጦች ግን ይህ ዘረመል የተበላሸባቸው ስለሆነ ከእነሱ ላይ የኤምኤክስ1 ፕሮቲን መፈለግ ድካም ብቻ ነው። እርግጠኛው መንገድ አንደኛውን ተቀባይ በፀረ-አካል መዝጋት ወይም ተቀባዩ የሌለውን አይጥ መጠቀም ነው።

ልዩነቱ በበሽታው ላይ ምን ያመጣል? በ2010 የታተመ ሥራ ንቁ ቲቢ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ 393 የአርኤንኤ ቅጂዎችን የያዘ አሻራ አገኘ፤ በአሻራው ውስጥ ጎልቶ የታየው የኢንተርፌሮን፣ በተለይም የዓይነት አንድ ምልክት፣ ሲሆን በዋናነት የሚመጣውም ከኒውትሮፊሎች ነበር። በአይጥ ላይ ዓይነት አንድን በፖሊ-አይሲኤልሲ (የቫይረስን በሚመስል ሰው ሠራሽ አርኤንኤ) ከፍ ማድረግ በሽታውን አባሰ። ማክሮፌጅ ላይ ሲደርስ ኢንተርሊዩኪን-10ን እና የኢንተርሊዩኪን-1 ተቀባይ መዝጊያን ያበዛል፣ ኢንተርሊዩኪን-1ን ያፍናል። በ2014 ደግሞ ኢንተርሊዩኪን-1 በፕሮስታግላንዲን ኢ2 በኩል ይህንኑ ዓይነት አንድ ኢንተርፌሮን መልሶ እንደሚገታ ታየ። ዱላ የሚማዘዙ ሁለት ኃይሎች ናቸውና አንዱን ብቻ ለክቶ ስለ ሌላው መናገር አይቻልም።

እዚህ ላይ ቢሲጂን በቲቢ ባክቴሪያ ምትክ መጠቀም ትልቅ ስህተት ይሆናል። ካልሜትና ጌራን በሊል ከተማ ከ1908 እስከ 1921 የከብት ቲቢ ባክቴሪያን 230 ጊዜ እያዘዋወሩ ሲያሳድጉ አርዲ1 የተባለው የዘረመል ክፍል ጠፍቷል። ከእሱ ጋር ኢኤስኤክስ-1 የተባለው የማውጫ ሥርዓት ተበላሸ። ባክቴሪያው የተዋጠበትን ከረጢት የሚበሳው በዚህ ሥርዓት ነው። ከረጢቱ ካልተበሳ ዲኤንኤ ወደ ህዋሱ ፈሳሽ አይደርስም፣ ሲጋስ እና ስቲንግ የተባሉት ጠቋሚዎች አይነቁም፣ ዓይነት አንድ ኢንተርፌሮንም በወጉ አይመረትም። ኤች37አርኤ የተባለው ደካማ ዝርያም የፎፕ ዘረመሉ ስለተለወጠ ይህን ሥርዓት በሚገባ አይጠቀምም። ደረጃ ሦስት ላቦራቶሪ የሌላቸው ቡድኖች ቢሲጂን መጠቀማቸው የሚገባ ነው፤ ነገር ግን ስለ ዓይነት አንድ ኢንተርፌሮን የሚደረግ መደምደሚያ ከዚያ ሊወጣ አይችልም።

ቲኤንኤፍን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማንበብ

የቲኤንኤፍ ማነስ ጉዳቱ የታወቀ ነው። በ2001 ቲኤንኤፍን የሚያግደውን ኢንፍሊክሲማብ የተባለ መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ቲቢ የያዛቸው 70 ሰዎች ተዘገቡ፤ ከ70ዎቹ 40ዎቹ ቲቢው ከሳንባ ውጭ የተገኘባቸው ነበሩ። ለሩማቶይድ አርትራይተስ ወይም ለአንጀት ቁስለት ይህን ዓይነት መድኃኒት የሚጀምር ሰው ሁሉ አስቀድሞ በቆዳ ወይም በደም ምርመራና በደረት ራጅ የሚታየው ለዚህ ነው። ድብቅ ቲቢ ከተገኘም የመከላከያ ሕክምናው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይጀመራል።

ሲበዛ ግን ማክሮፌጁን ራሱን ይገድለዋል። በ2013 የታተመ የዜብራ ዓሣ ጥናት፣ ከልክ ያለፈ ቲኤንኤፍ ሪፕ1 እና ሪፕ3 በተባሉ ፕሮቲኖች በኩል የማይቶኮንድሪያን የኦክስጅን መርዝ እንደሚያበዛ አሳየ። መርዙ መጀመሪያ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ቀጥሎ ማክሮፌጁን ያፈነዳል። የተረፉት ባክቴሪያዎች ሜዳ ላይ ወጥተው ያለ ገደብ ይራባሉ። ከዚህ የምንወስደው ተግባራዊ ጥንቃቄ፦ የባክቴሪያ ቁጥር ሲቀንስ «ማክሮፌጁ ገደለ» ከማለትዎ በፊት ማክሮፌጁ ራሱ መኖሩን ይቁጠሩ። ከሳህኑ የተላቀቁ የሞቱ ህዋሳት ከእጥበቱ ጋር ሲፈስሱ ባክቴሪያውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ኮሎኒው የሚያንሰው ባክቴሪያው ሞቶ ሳይሆን ተደፍቶ ነው። በእያንዳንዱ የመለኪያ ቀን የህዋስ ቁጥርና ኤልዲኤች (ከሞተ ህዋስ የሚፈስ ኢንዛይም) አብረው ይለኩ፤ የላይኛውን ፈሳሽም ዘርተው ይዩ።

የአይጥን ውጤት ለሰው፣ የሰውን ፕሮቲን ለአይጥ መስጠት

ኢንተርፌሮን ጋማ እና ጂኤም-ሲኤስኤፍ በሰውና በአይጥ መካከል አይሻገሩም። የሰው ኢንተርፌሮን ጋማ ለአይጥ ማክሮፌጅ ተሰጥቶ «ምላሽ የለም» የሚባል ውጤት ከሙከራ አይቆጠርም። ኢንተርሊዩኪን-10 እና ኤም-ሲኤስኤፍ ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ይሻገራሉ፤ የሰው በአይጥ ይሠራል፣ የአይጥ በሰው አይሠራም። የሰው ቲኤንኤፍ የአይጥን አንደኛ ተቀባይ ይቀሰቅሳል፣ ሁለተኛውን ግን አይነካም። ጠርሙሱን ሲያዝዙ ይህን ያረጋግጡ።

ናይትሪክ ኦክሳይድ ሌላው ነው። በኢንተርፌሮን ጋማ የተነሳሳ የአይጥ ማክሮፌጅ ብዙ ያመርታል፤ በግሪስ ምርመራ በ540 ናኖሜትር በግልጽ ይነበባል። በሳህን ላይ ያለ የሰው ማክሮፌጅ ግን በተመሳሳይ ሁኔታ እምብዛም አያመርትም፤ ስለዚህ ከሰው ህዋስ ባዶ ንባብ ቢያገኙ ኢንተርፌሮኑ አልሠራም ብለው አይደምድሙ። በሰው በኩል ጎልቶ የተገኘው መንገድ ሌላ ነው፦ ቫይታሚን ዲ ሲኖር ካቴሊሲዲን የተባለ ፀረ-ተሕዋስ ፕሮቲን ይመረታል። በቫይታሚን ዲ ደሃ በሆነ ሴረም ያሳደጉት የሰው ማክሮፌጅ ይህን መንገድ አያሳይም፤ የሴረሙ ዓይነት በጽሑፉ ይገለጽ።

የአይጡ ዝርያም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሲ57ብላክ6 በጣም የተለመደ ቢሆንም በሰው ሳንባ የምናየውን አይብ መሰል ብስባሽ አያበጅም። ማክሮፌጁ በብስባሽ ዳር ምን እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ ሰው በተለምዶ የክራምኒክ አይጥ የሚባለውን ይምረጥ፤ የዚህ አይጥ ተጋላጭነትም ከዓይነት አንድ ኢንተርፌሮን መብዛት ጋር የተያያዘ ነው።

የሳይቶካይን ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ አለማንበብ

አንዱ ጽሑፍ 100 ዩኒት፣ ሌላው 10 ናኖግራም ይላል። የኢንተርፌሮን ጋማ ጥንካሬ በሚሊ ግራም 20 ሚሊዮን ዩኒት ከሆነ 1 ናኖግራም 20 ዩኒት ነው፤ 100 ዩኒት ማለት 5 ናኖግራም። ቁጥሩ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በየጠርሙሱ ያስሉ።

ብዙዎቹ ሳይቶካይኖች የሚሠሩት ከኢ. ኮላይ ነውና ኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያው ልባስ የሚመጣ መርዝ) ይከተላቸዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ መረጃ ወረቀቱ «በማይክሮግራም ከ1 ዩኒት በታች» ካለና እርስዎ 100 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከጨመሩ፣ እስከ 0.1 ዩኒት፣ ማለትም 10 ፒኮግራም ገደማ ኢንዶቶክሲን ጨምረዋል። ሴረም ባለበት የሰው ሞኖሳይት ይህን ሊሰማ ይችላል። መፈተኛው፣ ከሳይቶካይኑ ጥቂት ወስደው በ95 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አፍልተው ለኮንትሮል ህዋስ መስጠት ነው። ፕሮቲኑ ይበላሻል፣ ኢንዶቶክሲኑ ግን ሙቀቱን ይቋቋማል፤ የፈላው አሁንም ቲኤንኤፍ ካስመነጨ ያዩት የሳይቶካይኑን ሥራ አይደለም።

ጠርሙሱን ሲያሟሙ 0.1 በመቶ አልቡሚን ባለበት ፈሳሽ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ፕሮቲኑ ከቱቦው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በትንንሽ ከፍለው ያቀዝቅዙ፣ የቀለጠውን መልሰው አያቀዝቅዙ።

ባክቴሪያውን ሳይበትኑ፣ ሚዲያውን ሳይፈትሹ መጀመር

የቲቢ ባክቴሪያ ሰም የመሰለ ልባስ ስላለው ይጓጎላል። «አንድ ባክቴሪያ ለአንድ ማክሮፌጅ» ብለው ያሰቡት፣ ለጥቂት ማክሮፌጆች 30 ባክቴሪያ ያለበት ጉብታ፣ ለቀሩት ምንም ይሆናል። ጉብታውን የዋጠው ህዋስ በአንድ ቀን ውስጥ በመበስበስ ይሞታል፤ ተመራማሪው ደግሞ የህዋስ ሞቱን በሳይቶካይኑ ያሳብባል። ባክቴሪያውን 0.05 በመቶ ትዊን-80 ባለበት 7ኤች9 የተባለ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ አሳድገው፣ አጥበው፣ በ27 ጌጅ መርፌ ደጋግመው አሳልፈው፣ ጉብታዎቹ እንዲወርዱ በዝግታ ሰንትሪፊውጅ አድርገው ከላይ ያለውን ይውሰዱ። ይህ ሥራ ጭጋግ ስለሚፈጥር ከመከላከያ ካቢኔ ውጭ በፍጹም አይሞከርም። የብርሃን ንባቡን ብቻ ሳያምኑ የሰጡትን መጠን በ7ኤች10 (በጠጣር ማሳደጊያ) ላይ ዘርተው ከ3 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ያረጋግጡ።

ሚዲያው ውስጥ ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን ያለበት የተለመደው ድብልቅ እንዳይኖር። ስትሬፕቶማይሲን የመጀመሪያው የቲቢ መድኃኒት ነው! ህዋሱን ለማሳደግ የተጠቀሙበት ከሆነ ባክቴሪያው ከመግባቱ ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብለው ያጥቡት። በላቦራቶሪ ደጋግሞ የተዘዋወረ ዝርያ ፒዲም የተባለውን ቅባት ሊያጣም ይችላል፤ ፒዲም የሌለው ባክቴሪያ ከረጢቱን መበሳት ስለሚቸግረው የኢንተርፌሮን ውጤቱ ሁሉ ይዛባል። የዘር ክምችትዎን በጊዜ ያስመርምሩ፣ ከጥቂት ዝውውር በላይም አይሂዱ።

ቲኤችፒ-1 የተባሉትን ሞኖሳይት መሰል የሰው የላቦራቶሪ ህዋሳት ለሚጠቀሙ አንዲት ማሳሰቢያ፦ ፒኤምኤ በተባለው ኬሚካል ካጣበቋቸው በኋላ ቢያንስ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ያሳርፏቸው። ፒኤምኤ ራሱ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለውን የእብጠት ዘረመሎች ተቆጣጣሪ ስለሚቀሰቅስ፣ ያላረፈ ህዋስ ምንም ሳይሰጠው ቲኤንኤፍ ያፈሳል።

የተሳሳተውን ነገር መለካት

የኢንተርሊዩኪን-1 ቤታ አርኤንኤ መጨመሩ ሳይቶካይኑ ወጥቷል ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሚሠራው 31 ኪሎ ዳልተን የሆነ ያልበሰለ ፕሮቲን ነው፤ ሥራ የሚሠራው ተቆርጦ 17 የሆነው ነው። ብዙ የኤሊዛ (በፀረ-አካል ፕሮቲን የሚለካ ምርመራ) ኪቶች ሁለቱንም ስለሚያነቡ፣ ህዋስ በሞተበት ሙከራ የላይኛውን ፈሳሽ በዌስተርን ብሎት አይተው መጠኑን ይለዩ።

በክሊኒክ በኩል ደግሞ የኢንተርፌሮን ጋማ የደም ምርመራ ውጤት የማክሮፌጅን ሁኔታ እንደሚናገር አድርጎ የማንበብ ልማድ አለ። ይህ ምርመራ የሚለካው የደም ቲ ህዋሳት ኢሳት-6 እና ሲኤፍፒ-10 የተባሉት የቲቢ ባክቴሪያ ፕሮቲኖች ሲቀርቡላቸው ማስታወሳቸውን ነው። ድብቁን ከንቁው አይለይም፤ በሳንባ ግራኑሎማ (የመከላከያ ህዋሳት ባክቴሪያውን ከበው በሚሠሩት እብጠት) ውስጥ ያለው ማክሮፌጅ መልእክቱን ማግኘቱንም አይነግርም። በግራኑሎማ ውስጥ ቲ ህዋሳቱ በብዛት የሚገኙት በዳርቻው ስለሆነ፣ መካከል ያሉት የተያዙ ማክሮፌጆች መልእክቱ ብዙ ጊዜ ሳይደርሳቸው ይቀራል።

ከሳህን ወደ ታማሚ መዝለል

የቫይታሚን ዲ ነገር ጥሩ ማስረጃ ነው። በሳህን ላይ ያለው ሥራ ጠንካራ ነበር። በሞንጎሊያ 8851 ተማሪዎች የተሳተፉበት፣ በሳምንት 14,000 ዩኒት ለሦስት ዓመት የተሰጠበት ሙከራ ግን በ2020 ሲታተም ቫይታሚኑ ከቲቢ ኢንፌክሽን እንዳልተከላከለ አሳየ። የሳህኑ ሙከራ ማክሮፌጁ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳያል፤ በሰው ሳንባ ውስጥ ማነቆው የትኛው እንደሆነ ግን አይመልስም።

በኢትዮጵያ ለሚሠሩ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው፣ በአገራችን የሊምፍ ዕጢ ቲቢ በብዛት ይታያል። በዕጢ ውስጥ ያለው ማክሮፌጅ በጂኤም-ሲኤስኤፍና በሰርፋክታንት መካከል ያደገ አይደለምና ከሳንባ የተገኘውን የሳይቶካይን ውጤት እንዳለ ወደ ዕጢ መውሰድ አይቻልም፤ ከዕጢው በመርፌ በሚወሰደው ናሙና ላይ ለብቻው መጠናት አለበት። ሁለተኛው ባክቴሪያው ነው። በላቦራቶሪ የተለመደው የቲቢ ዝርያ ኤች37አርቪ የዘር ሐረግ 4 ወገን ሲሆን፣ በ2013 በኢትዮጵያ የተለየው የዘር ሐረግ 7 ግን በሌላው ዓለም እምብዛም የለም። ዝርያዎች በሚቀሰቅሱት የዓይነት አንድ ኢንተርፌሮን መጠን ስለሚለያዩ፣ ከታማሚዎች የተገኙ ዝርያዎችን ከኤች37አርቪ ጎን በአንድ ሳህን፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ለጋሽ በተወሰደ ማክሮፌጅ ላይ ያስኬዱ፤ ለጋሾቹም ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ይሁኑ፤ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ በዝርያዎች መካከል ካለው ይበልጣል።